የተማሪን የምሳ ሰልፍ ስልክ ያሳጥረዋልን?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ከተከፈተ ወዲህ፣ በየኮሌጁና በየመሥሪያ ቤቱ የስልክ መተግበሪያ ንድፍ ይዞ የማይዞር ወጣት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ይህም የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ንድፍ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም፤ አንዳንዱ ችግሩን አስቀድሞ ያጠና ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ መድኀኒቱን ገዝቶ በሽተኛ የሚፈልግ ሐኪም ይመስላል።

ወደ ገንዳ ውኃ ወርጄ በነበረበት ጊዜ፣ በዚያ የሚያስተምር አንድ ባልንጀራዬ ከነዚህ ንድፎች አንዱን አሳየኝ። የታሰበው ተማሪዎች ምሳ ለማግኘት የሚቆሙበትን ጊዜ ለማሳጠር ነው። ተማሪው ከጧቱ ሁለት ሰዓት በፊት የሚበላውን በስልኩ መርጦ ያዛል፤ ገንዘቡን በቴሌብር ይከፍላል፤ ተራ ቁጥርና የሚመጣበት ሰዓት ይነገረዋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ምግብ ቤት ሄዶ ቁጥሩን ያሳይና ሳህኑን ይቀበላል። በሥዕሉ ላይ ሲታይ ነገሩ ሁሉ የተሳካ ነው። በሥዕሉ ላይ ሰልፍ የለም፤ ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ምድጃም የለም።

መተማ ሲባል ለብዙው አንባቢ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት የጦር ሜዳ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ሰሊጥ ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በድንበሩ የሚገባው ስደተኛ ነው። የተማሪ ምሳ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. ከቀድሞው ሰሜን ጎንደር ተከፍሎ በቆመው በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠልና መተው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚሁ በምሳ ነገር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከቋራና ከመተማ የገጠር ቀበሌዎች የሚመጣው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሰፈሩ ስለማያገኝ፣ ከሁለትና ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋራ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ይከራያል። እናቱ የማሽላ ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ፣ ጥቂትም ድርቆሽ በገበያ ቀን መኪና ትልክለታለች። ስንቁ ሳለ ራሱ ያበስላል፤ ስንቁ ሲያልቅ ወይም እንጨትና ከሰል ሲወደድ በአንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት በኮንትራት መመገብ ይጀምራል። የመንግሥት የትምህርት ቤት ምገባ፣ በአዲስ አበባም ቢሆን በሌላውም ቦታ፣ በተለይ የታሰበው ለቅድመ መደበኛና ለአንደኛ ደረጃ ሕፃናት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባው ደግሞ ካፌ አለው። ይህ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በሁለቱ መካከል የወደቀ ነው፤ ስለ እርሱ ምሳ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት የለም።

ትምህርቱ በፈረቃ የሚሰጥ ከሆነ ጭንቁ ይብሳል። የጧቱ ፈረቃ ተማሪ ከትምህርት ወጥቶ ይበላል፤ የከሰዓት በኋላው ፈረቃ ተማሪ ወደ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ይበላል። ሁለቱም ወገን በአንድ ሰዓት በአንድ በር ላይ ይገናኛል።

እኔ በተማርሁበት ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ያየሁትን እዚህ ላይ ብናገር ከነገሩ አልወጣም። ምግብ የሚሰጥባቸው መስኮቶች አራት ቢሆኑም፣ ሁለቱ የተከፈቱበትን ቀን እንኳ እንደ በዓል እንቆጥረው ነበር። በበሩ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ የምግብ ካርዳችንን እያየ ምልክት ያደርጋል። ሰልፉን የፈራ ተማሪ ካፌውን ትቶ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበል፣ እኛ «ነን ካፌ» የምንለው፣ ይሆን ነበር። የቀረነው ግን ሌላ ዘዴ ነበረን፤ ይኸውም ከምሳ በፊት ያለውን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ አጋማሹን ትቶ መሮጥ ነው። ሰልፍ ጊዜ ይበላል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የምሳውን ሰዓት ነው። እውነቱ ግን ሰልፉ የሚበላው የምሳውን ሰዓት ሳይሆን የሒሳቡን ወይም የፊዚክሱን ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህሩ ያውቁ ነበር፤ እኛም እንደሚያውቁ እናውቅ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለምሳሌ ያህል 1200 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቢመጡ፣ አራት መስኮቶች ቢኖሩ፣ ለአንዱ ተማሪ ሳህን ለመሙላትም 15 ሰከንድ ቢያስፈልግ፣ እያንዳንዱ መስኮት 300 ሰው ያስተናግዳል፤ የመጨረሻው ተማሪ የሚበላው ከ75 ደቂቃ በኋላ ነው። በበሩ ላይ ካርድ የሚያየውን ሰው አንሥተን በስልክ ወይም በጣት አሻራ የሚያነብ መሣሪያ ብንተክል ምን ይለወጣል? ጭልፋው ያው 15 ሰከንድ ከፈጀ ምንም አይለወጥም፤ ተማሪው በሩን በፍጥነት አልፎ ውስጥ ይሰለፋል። አምስተኛ መስኮት ብንከፍት 75ቱ ደቂቃ ወደ 60 ይወርዳል። ነገር ግን መስኮት ሳንጨምር፣ ስልክም ሳንገዛ፣ የምሳውን ደወል በሦስት ከፍለን 400፣ 400 አድርገን በ25 ደቂቃ ልዩነት ብናስወጣቸው፣ ከ25 ደቂቃ በላይ የሚቆም ተማሪ አይኖርም። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የርእሰ መምህሩ ፈቃድና የተስተካከለ የትምህርት ሰሌዳ ብቻ ነው።

የሰልፍን ነገር በሒሳብ መመርመር የተጀመረው፣ ነገሩ እንዲገጣጠም ሆኖ፣ ከስልክ ቤት ነው። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ በኮፐንሀገን የቴሌፎን ኩባንያ ሲሠራ፣ ለስንት ደዋይ ስንት መስመር እንደሚበቃ ለማወቅ የመጀመሪያውን ጽሑፉን በ1909 እ.ኤ.አ. አወጣ። በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ሊትል፣ በሰልፉ ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ሰው ቁጥር በየደቂቃው ከሚመጣው ሰውና አንዱ ከሚቆምበት ጊዜ ብዜት ጋራ እኩል መሆኑን አስረግጦ አሳየ። ከነዚህ ሰዎች ሥራ የሚገኘው ትምህርት ለወጥ ቤትም ይሠራል። ሰልፍ የሚያጥረው አመጣጡ ሲሰራጭ ወይም አሰጣጡ ሲፈጥን ነው፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። እንግዲህ መተግበሪያ ሠሪው ባልንጀራችን ከሁለቱ የትኛውን እንደሚነካ ሊነግረን ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ቁጥጥርና ፍጥነት የተለያዩ ናቸው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሰኔ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ይሰጥ የነበረውን የምግብ ርዳታ ላልተገባው ሰው እየዋለ ነው በማለት አቁሞ፣ ወደ 900 ሺህ ለሚጠጉ ስደተኞች መልሶ የጀመረው በመስከረም መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የተጠናከረው የኤሌክትሮኒክ ምዝገባ ማን እንደተቀበለ ለማወቅ ያገለግላል፤ ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን እህሉን ፈጥኖ አይሰፍርም። በዩኒቨርሲቲዎች የሚተከለው የካርድ ማንበቢያም እንዲሁ በአንድ ካርድ ሁለት ጊዜ እንዳይበላ የሚከለክል ነው። ለዚህ ተብሎ የተገዛውን መሣሪያ «ሰልፍ አጠፋን» ብሎ በሪፖርት መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከባልንጀራዬ ጋራ ስንከራከር ውለን ምሳ ወደምንበላበት ምግብ ቤት ሄድን። ምግብ ቤት ማለት እንኳ ከፍ ማድረግ ነው፤ በቆርቆሮ የተከደነ ዳስ፣ ሁለት የከሰል ምድጃና አንድ የውኃ በርሜል ነው። ባለቤቷ ብዙ የኮንትራት ተማሪዎች አሏቸው። ሰዓቱ ገና ስለነበረ ለምን እስካሁን ወጡ እንዳልተጣደ ስላልገባኝ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ከማለዳው ሠርተው ቢያስቀምጡት ልጆቹ ሲመጡ አይቆሙም ነበር፤ ለምን አይሆንም?»

«ልጄ፣ አንተ የደጋ ሰው ትመስለኛለህ» አሉኝ እየሳቁ። «በመጋቢት ከማለዳ የተሠራ ሽሮ ስድስት ሰዓት ላይ ለሰው ልጅ ይሰጣል? እንጀራውስ ቢሆን ወዲያው እየደረቀ እጅ ላይ ይሰበራል። ደግሞ ቢተርፍ ማን ይበላልኛል? ስንት ልጅ እንደሚመጣ የሚነግረኝ ባገኝ ግን ሌላ ነገር ነበር።»

እኔም ባልንጀራዬም ዝም አልን። የዘነጋነው ነገር ይህ ነበርና። በመተማ ቆላ ሙቀቱ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በደጋ ከጧቱ ተሠርቶ እስከ ምሳ የሚቆየው ወጥ በዚያ አይቆይም፤ የማሽላ እንጀራም ከጤፍ እንጀራ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ወጥ ሠሪዋ የሚመጣውን ሰው ቁጥር ሳያውቁ ቀድመው መሥራት አይችሉም። ትንሽ ይጥዳሉ፤ ሲያልቅ እንደገና ይጥዳሉ፤ ተማሪው የሚቆመውም በዚያ በሁለቱ ጥዶች መካከል ነው። የጎደለው የተማሪው ተራ ቁጥር አልነበረም፤ የጎደለው ለእትዬ የሚደርስ ወሬ ነው።

ስልክ የወሬ መሣሪያ ነው። ወሬ በጎደለበት ቦታ ተአምር ይሠራል፤ ድስት በጎደለበት ቦታ ግን ምንም አያደርግም። ለዚህም ምስክሩ ከመተማ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ተቋቁሞ የሰሊጥን ዋጋ በስልክ ማሰማት ሲጀምር፣ ገበሬው የተጠቀመው ዋጋውን ነጋዴው ብቻ ያውቀው ስለነበረ ነው። የጎደለው ወሬ ነበርና ስልኩ ሞላው። የአዲስ አበባዎቹ ምግብ አድራሾችም፣ ለምሳሌ በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ዴሊቨር አዲስ፣ ምግብ ቤቱን፣ ሞተረኛውንና በላተኛውን በወሬ ያገናኛሉ። ነገር ግን ያ ሁሉ የሚሆነው አስቀድሞ ሰፊ ወጥ ቤት ባለው ምግብ ቤትና ለማድረሻ የሚከፍለው ባለው በላተኛ መካከል ነው። ያንኑ ንድፍ እንዳለ አውርዶ በገንዳ ውኃ መትከል ከደጋ የመጣ ችግኝ በቆላ እንደመትከል ነው።

እንግዲህ መተግበሪያው ይሠራ ከተባለ የተማሪው ሳይሆን የወጥ ሠሪዋ መሆን አለበት። በመጀመሪያ ነገር ተማሪው ሁሉ ስማርት ስልክ የለውም። በአንዲት ክፍል ከሚኖሩት አራት ልጆች አንዱ ብቻ፣ ያውም ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ቢኖረው የሚያስገርም አይደለም፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ስልክ የማግኘቷ ዕድል የባሰ ጠባብ ነው። ሁለተኛም፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተነሣ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ምሳን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ያንጠለጠለ ንድፍ በዚያ ጊዜ ቢኖር ኖሮ፣ ተማሪው ኢንተርኔቱም ምሳውም በአንድ ቀን ይቀርበት ነበር። በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቱ ራሱ ተዘግቶ መክረሙን ሳንረሳ ነው ይህን የምንለው፤ የምሳ ሰልፍ ትምህርት ቤቱ ክፍት የሆነለት ልጅ ችግር ነውና።

የኮንትራት ተማሪ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ የታወቀ ነው። ሠላሳ ልጅ በወር ከተዋዋለ ሠላሳ ልጅ እንደሚመጣ ይታሰባል። ስለዚህ በየቀኑ ሠላሳው ሁሉ «እመጣለሁ» ብሎ እንዲያዝ ማድረግ ድካም ብቻ ነው፤ የማይመጣው ይናገር። እንዴት ይናገር? ሁላችን እናውቀዋለን፤ ሚስድ ኮል ነው። ከጧቱ ሁለት ሰዓት በፊት በእትዬ ስልክ ላይ አንድ ጊዜ አስጠርቶ መዝጋት «ዛሬ አልመጣም» ማለት ይሁን። ገንዘብ አያስወጣም፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከባልንጀራ በተለመነ ባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል፤ ብቻ የማን ስልክ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። መስመሩ የሌለ ቀን ደግሞ ሠላሳውም እንደሚመጡ ተቆጥሮ እንደ ድሮው ይሠራል። ፕሮግራም መጻፍ የሚወድ ሰው ከፈለገ፣ የተጠሩትን ቁጥሮች አንብቦ ለወጥ ሠሪዋ «ዛሬ ሃያ ስድስት» የሚል አንድ የጽሑፍ መልእክት የሚልክ ትንሽ ነገር ሊሠራ ይችላል። ባልንጀራዬ ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ ለመመረቂያ ሥራ የሚቀርብ ነገር አይመስልም አለኝ። እውነቱን ነው፤ አይመስልም።

ነገር ግን በዓለም ላይ ከታወቁት የምሳ አደራረሶች አንዱ ከዚህም ያነሰ መሣሪያ ነበረው። በሕንድ አገር በቦምቤይ ከተማ፣ ዛሬ ሙምባይ በሚባለው፣ ዳባዋላ የሚባሉ ሰዎች ከ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ሚስት ወይም እናት በቤት የሠራችውን ምሳ በቆርቆሮ ሣጥን እየተቀበሉ በባቡርና በብስክሌት ወደ ቢሮ ያደርሳሉ። ባዶውን ሣጥን ከሰዓት በኋላ ይመልሳሉ። ሥራው በደራበት ዘመን ወደ 5000 የሚሆኑ ሰዎች በየቀኑ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ምሳ ያመላልሱ ነበር። ያገለገላቸውም በክዳኑ ላይ የሚጻፍ የቀለም፣ የፊደልና የቁጥር ምልክት ነው። ምልክቱ የሚናገረው ምሳው ከየትኛው ጣቢያ ተነሥቶ የት እንደሚወርድና ማን እንደሚያነሣው ብቻ ነው። ከቋራ በገበያ መኪና የሚመጣውን ስንቅ ያየ ሰው፣ ከረጢቱ ላይ በከሰል የተጻፈውን ስም ያነበበ ሰው፣ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት ልበል። በ2017 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመደበው የቀን የምግብ ወጪ ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። ይህ ገንዘብ ብዙ ዘመን የዘገየ ነበር፤ ቢሆንም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ገበያ የሄደ ሰው 100 ብር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያበላ ራሱ ይፍረድ። የገንዳ ውኃው የኮንትራት ተማሪ ደግሞ ያም የለውም። ስለዚህ መተግበሪያ ሠሪው ከእያንዳንዱ ሳህን ላይ አምስት ብር የአገልግሎት ክፍያ እወስዳለሁ ሲል፣ አምስቱ ብር ከሽሮው ላይ የሚቀነስ መሆኑን ማወቅ አለበት። ከዚህ ይልቅ እትዬ በትክክል ቆጥረው ሲሠሩ ሳይበላ የሚደፋው ይቀንሳል፤ ትርፉ ከዚያ ይገኝ። ተማሪውም ሁለት ቀን ቀርቶ ሳይነግራቸው ቢገኝ ሒሳቡን ይክፈል፤ ይህ ከወዲሁ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ለወጣት ሹማምንት የሚቀረው ጉዳይ ደወሉ ነው። የሁለቱን ፈረቃዎች መውጫና መግቢያ ሠላሳ ደቂቃ ማራራቅ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከርእሳነ መምህራን ጋራ በአንድ ስብሰባ ሊጨርሰው የሚችል ነገር ነው። በጀት አይጠይቅም፤ ስለዚህም ይመስለኛል ማንም የማያነሣው። ለኮምፒዩተር መግዣ ጥያቄ የሚጽፍ ኃላፊ አላጣንም፤ ለደወል የሚጽፍ ግን አልገጠመኝም።

ባልንጀራዬ በመጨረሻ አንድ ነገር አመነልኝ፤ ሌላውን አላመነልኝም። ሰልፉን ሳይለኩ መሣሪያ መሥራት ትክክል እንዳልሆነ አመነ። ሚስድ ኮሉን ግን ገና እያሰበበት ነው። መለኪያው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት እንዲሆን ተስማምተናል፤ በነዚያ ወራት ትምህርት ይከፈታል፤ ሰሊጥም ይታጨዳልና። ያን ጊዜ ከደጋው በብዙ ሺህ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ወደ መተማና ወደ ቋራ ይወርዳል፤ እርሱም የሚበላው ከዚሁ ከእትዬ ዳስ ነው። ዋጋ የሚወጣውም፣ ተማሪው በበሩ ላይ በጡንቻ የሚሸነፈውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በግንቦት ተለክቶ የተሠራ ማናቸውም ንድፍ በጥቅምት ይፈርሳል። ባለ ሁለት መቶ ገጽ ደብተር ገዝቶ ሦስት ዐምድ አስምሮበታል፤ አንዱ ተማሪው የደረሰበት ሰዓት፣ አንዱ ሳህኑን የተቀበለበት፣ ሦስተኛውም ክፍል የገባበት ነው። ሦስተኛውን ዐምድ የጨመሩት እትዬ ናቸው።